የአባቴ ናስትሮ

አሰላ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ገብቼ «ፒክአፕ አለ?» አልኩ። ሰውየው ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብሎ አየኝና በጣቱ ወደ መንገዱ ማዶ ጠቆመኝ።

«የመኪና መለዋወጫ እዛ ጋ ነው። የቶዮታ ነው?»

«የጊታር ነው» አልኩት።

«ጊታርም ፒክአፕ አለው እንዴ?»

አለው። እኔ ራሴ ጊታሩን ሁለት ዓመት ሙሉ እየጎረጎርኩ ስሙን አላውቀውም ነበር። ከክሮቹ ሥር የተደረደሩት ሦስት ነጭ የፕላስቲክ ሳጥኖች ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ። ሦስቱም ሞተዋል ብዬ ስላመንኩ ቅያሪ ፍለጋ ወጥቻለሁ።

ጊታሩ ቤታችን የገባው በ2005 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ በስልክ «ምን ልላክልህ?» ስትለኝ ሳላስብ «ጊታር» አልኳት። ጫማ እንድል ጠብቃ መሰለኝ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከአምስት ወር በኋላ ወደ አገር ቤት የምትመለስ ጓደኛዋ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰማያዊ ኤሌክትሪክ ጊታርና የዳቦ ቅርጫት የምታክል አምፕሊፋየር ይዛ መጣች። ጊታሩ ያገለገለ ነበር። አንገቱ ጫፍ ላይ የፋብሪካ ስም የለውም፣ ተፍቋል። ለእኔ ግን ከጭላሎ ተራራ ይበልጥ ነበር።

አባቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። የአሰላ ሰው የተበላሸ ቴፑን፣ ራዲዮውን፣ በኋላ ደግሞ ዲሽ ሪሲቨሩን ተሸክሞ ወደ እሱ ሲመጣ ነው ያደግኩት። ቴፕ ጠግኖ ሲጨርስ የሚሞክርበት የራሱ ካሴት ነበረው፤ የማህሙድ አህመድ «ኤረ መላ መላ»፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀረጸው። ባስ ካልሰማ ስፒከሩን ይፈትሻል፣ ጊታሩ ከተንሻፈፈ የቴፑን ሄድ ያጸዳል። ጊታሩን የሚመታው ሰላም ስዩም መሆኑን፣ ያ ባንድ በኋላ ሮሃ ባንድ መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ለአባቴ ጊታር ማለት የሙከራ ድምፅ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሌሊት አራት ሰዓት ላይ የሚንጫጫ ነገር ሲሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ በ2007 መስከረም ላይ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ገመዱን ብሰካው ጊታሩ ዝም አለ። አምፑ ይሠራል። ገመዱ ይሠራል። ጊታሩ ግን የለም። አባቴ ጋ ወሰድኩት፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «በቃ፣ ሞቷል። ርካሽ ዕቃ ነው። ከፈተና በኋላ እናየዋለን» አለኝ። አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም። ከዚያ ምርጫ ስላልነበረኝ አጠናሁ። አለፍኩ፣ አዳማ ገባሁ፣ አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማርኩ፣ ተመርቄ አዲስ አበባ የሶፍትዌር ሥራ ያዝኩ። ጊታሩ አባቴ ሱቅ ውስጥ ከተሰበሩ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ቆሞ ቀረ።

እህቴ በ2010 ለእረፍት ስትመጣ ጊታሩን አየችው። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ «ርካሽ ስለገዛሁልህ ነው አይደል?» አለችኝ። «አይ፣ አሮጌ ስለሆነ ነው» አልኳት። ያ መልስ ምን ያህል ደካማ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

አምና፣ በ2017 ጥቅምት፣ ለገና ጠቅልላ እንደምትመጣ ነገረችን። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጊታሩ ነው።

አሁን ፒክአፕ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም።

ፒክአፕ ማግኔትና ሽቦ ነው። በቃ። ስድስት ትንንሽ የማግኔት ዘንጎች አሉ፤ በእነሱ ዙሪያ ከፀጉር የሚቀጥን የመዳብ ሽቦ ወደ 8 ሺህ ዙር ገደማ ተጠምጥሟል። የሽቦው ውፍረት 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ትንፋሽ ያወዛውዘዋል። ከላዩ የተወጠረው የጊታር ክር ብረት ነው። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ይረብሸዋል፣ የተረበሸው መስክ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ የግድብ ጄኔሬተር የሚሠራበትም ይኸው ሕግ ነው። ልዩነቱ እዚያ ውሃ ተርባይን ያዞራል፣ እዚህ ጣት ክር ይመታል። ነገሩን በ1931 ጆርጅ ቦሻምፕ የሚባል ሙዚቀኛ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ ለገበያ የሚሆን ጊታር ላይ ገጠመው። መጥበሻ ስለሚመስል ስሙም «መጥበሻ» ተባለ።

ልብ በሉ፣ ፒክአፕ አየር ላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም። ፊቱ ብትጮሁ የሚሰማችሁ ማይክሮፎን አይደለም። የሚያውቀው የብረት እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የናይለን ክር ያለው ክራር መድረክ ላይ ሲወጣ ሌላ ዓይነት፣ የእንጨቱን ንዝረት የሚለቅም ፒክአፕ የሚገጠምለት። ስሙም ከሥራው ነው፤ ለቃሚ። ያለውን ይለቅማል፣ የሌለውን አይፈጥርም።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሰላ ሄጄ ጊታሩን ሳልፈታ በርካሿ ዲጂታል ቴስተሬ ለካሁት። ገመዱን ሰክቼ ከጫፉ ላይ ነው የለካሁት። ደህና ፒክአፕ ቢሆን 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ማንበብ ነበረበት። ቴስተሩ በስተግራ «1» ብቻ ጽፎ ቀረ፤ መንገድ የለም፣ ተቆርጧል ማለት ነው። በመምረጫው ወደ ሁለተኛው ፒክአፕ አዞርኩ፤ «1»። ሦስተኛው፤ «1»። «ሦስቱም ኮይላቸው ተበጥሷል» ብዬ ደመደምኩ። ሱቆቹን የዞርኩት ያኔ ነው፤ ሳጣ ከውጭ የሚመጣ ጓደኛዬን ለምኜ ሦስት አዲስ ፒክአፕ አስመጣሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ እናቴ ይህን ጽሑፍ ልታነበው ትችላለች።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ሰዎች እስካሁን ስቃችሁብኛል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቀን እኩል ከሞቱ ችግሩ ከሦስቱ አይደለም፤ ሦስቱ የሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። ሥራ ቦታ ለጀማሪ የምለው ይህን ነው። ሎጉን ሳታነብ ኮዱን እንደገና አትጻፍ። ቤቴ ስገባ ግን ረሳሁት። ወይም «ርካሽ ዕቃ ነው» የሚለው የአባቴ ቃል ለአሥር ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ ስለተቀመጠ ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም።

ኅዳር ላይ ፒክአፖቹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ነው። አዳማን አልፎ መንገዱ መውጣት ሲጀምር፣ ዴራ፣ ኢተያ፣ ቁሉምሳ፣ አየሩ በየደረጃው ይቀዘቅዛል። የስንዴ አጨዳ ጊዜ ነበር። ኮምባይነሮቹ አቧራ እያስነሱ ማሳውን ይላጩታል፣ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች አስፋልቱን ዳር ዳር ይዘው ይሄዳሉ፣ ጭላሎ ከላይ ደመና ተከናንቦ ይቀመጣል። ይህን መንገድ ስሄድ ሁሌ የምፈራት ጥያቄ አለች። አባቴ «ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ እኔ «ደህና» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ምን እንደምንል ይጠፋናል። ኢንጂነር ያለው ልጁ ራዲዮ መክፈት አይችልም። እኔ የምሠራውን ደግሞ በካቻቪቴ ከፍቼ ላሳየው አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛውን ጠርጌ ክሮቹን አላላሁ፣ የፊቱን ፕላስቲክ አሥራ አንድ ቪቴ ፈታሁ። አባቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ብየዳ አይነካም፣ ደንበኛ ሲመጣ ምክር ብቻ ይሰጣል።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለ።

«ፒክአፕ ልቀይር። እህቴ ሳትመጣ።»

ምንም አላለም። ወንበሩን ግን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገባ።

የሦስቱን ፒክአፖች ሽቦዎች አንድ በአንድ አላቅቄ አወጣኋቸው። መምረጫውን ለየሁ። ሦስቱን ቮልዩሞች፣ ማለቴ እኛ ሠፈር ቮልዩም የሚባሉትን ባለ 250 ኪሎ ኦም ማዞሪያዎች፣ ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። የመጨረሻው ነገር ገመድ የሚሰካበት ጃክ ነበር። ሁለት ቪቴ ፈትቼ ወደ ውጭ ሳብኩት።

ወደ ጃኩ የሚሄደው ነጭ ሽቦ ተቆርጦ ነበር። አልተበጠሰም፤ በስለት ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ደግሞ ሲያልቅ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይቸገር። ያንን አጠቃለል ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሰላ ውስጥ እንደዚያ የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ያወጣኋቸውን ፒክአፖች አንስቼ ለካሁ። 5.8። 5.9። 6.1። ሦስቱም በሕይወት አሉ።

ዞሬ አየሁት። እሱም ያየኝ ነበር። የሆነ ነገር ልል አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ። የመበየጃዋ ቀይ አምፑል ድርግም አለች፣ ጎረቤት የሚጮኸው የወፍጮ ድምፅ እየወረደ ወርዶ ቆመ።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ሻይ ቤቱ ልጅ ሁለት ሻይ አምጥቶ አስቀምጦ ሄደ።

«ሌሊት ታድር ነበር» አለ በመጨረሻ። «መጽሐፍ ከፍተህ ጊታር ታቅፈህ ትተኛለህ። እሷ እዚያ የሰው ወለል እያጠበች የትምህርት ቤት ብር ትልካለች። ብትወድቅ ምን ልላት ነው?»

«ንገረኛ ታዲያ! አስቀምጠው በለኛ!»

«ብዬህ ነበር። ሰምተሃል?»

አልሰማሁም ነበር። ቢሆንም ተናደድኩ። ስለ እኔ ቢሆን ምናልባት እስቅበት ነበር፤ አልፌያለሁ፣ ተመርቄያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ። ያናደደኝ አቧራ የምትጠርግ ነጠላ ነው። «እህቴ እስከዛሬ ርካሽ ዕቃ የገዛችልኝ ይመስላታል» አልኩት። «ይቅርታ ጠይቃኛለች፣ አባዬ። በ2010። እዚህ ቆማ።»

ይህን አላወቀም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። የሻይ ብርጭቆውን ሊያነሳ ሞክሮ እጁ ስለተንቀጠቀጠ መልሶ አስቀመጠው።

«ከፈተናው በኋላ ልቀጥለው ነበር» አለ። «ላጠፋው ብፈልግ ኮይሉን ነበር የምቆርጠው። ናስትሮ የጠቀለልኩት ለምን ይመስልሃል? ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አዳማ ሄድክ። ኤሌክትሪክ ተማርክ ተባለ። አሁን ራሱ ከፍቶ ያገኘዋል አልኩ።» ትንሽ ቆየና «አሥር ዓመት አልከፈትከውም» አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አምስት ዓመት የተማርኩት ሰውዬ፣ ጉዳቱ ከሁለት ቪቴ ጀርባ ነበር። እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልከፈትኩም።

«ሦስቱም ሞተዋል ብዬ እኮ ነው አዲስ የገዛሁት» አልኩ።

ያኔ ትንሽ ፈገግ አለ። «ሦስት ሰው በአንድ ቀን አይሞትም። ከሞተም የበሉት አንድ ነው።»

መብራት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አዲሶቹን ልግጠም ስል «ደህናውን ለምን ታወጣለህ?» አለ። እውነቱን ለመናገር አዲሶቹ ይሻላሉ፤ ማግኔታቸው አልኒኮ ነው፣ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ፤ የድሮዎቹ ሥር የተለጠፈው ርካሽ የሴራሚክ ማግኔት ነው። ተገዝተዋልም። በድርድር ተስማማን፤ ዳርና ዳር አዲስ፣ መሐል ላይ እህቴ የገዛችው።

ብየዳውን እኔ ሠራሁ፣ እሱ አዘዘ። መጀመሪያ መሬት የሚባለውን ሽቦ ከቮልዩሙ ብረት ጀርባ ላይ መበየድ ነበረብኝ። ሊዱን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጬ እንደ ሙጫ ልቀባው ስል እጄን ያዘኝ። «ብረቱን አሙቅ እንጂ ሊዱን አታሙቅ። ብረቱ ሲደርስ ራሱ ይጠራዋል።» የእኔ ባለ 30 ዋት መበየጃ ለዚያ ብረት አቅም አጣ፤ የቮልዩሙ ጀርባ ሙቀቱን ጠጥቶ ጨረሰው። ብየዳው ደብዛዛ፣ ሻካራ ሆነ። «ቀዝቃዛ ነው። ዛሬ ይሠራል፣ ለገና ይከዳሃል» አለና ከመሳቢያው የራሱን ወፍራም 60 ዋት አወጣ። ሦስት ሰከንድ። ሊዱ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሲበርድ አንጸባረቀ። የሮዚኑ ጢስ ሸተተኝ፤ የልጅነቴ ሽታ ነው።

ነጩን ሽቦ መጨረሻ ላይ ቀጠልነው። ናስትሮውን በጥፍሬ ፈታሁት፤ በቀላሉ ተላቀቀ።

ሰክቼ በካቻቪቴ ጫፍ ፒክአፖቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሦስቱም አሉ። ክሩን መታሁ። አንደኛው ለብቻው ጥሩ፣ መሐሉ ለብቻው ጥሩ፣ ሦስተኛውም። መምረጫውን ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ወደሚሠራበት ቦታ ሳዞረው ግን ድምፁ ቀጠነ። አንጀቱ የወጣ፣ ባስ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚናገር ድምፅ። ብየዳዬን እንደገና ፈተሽኩ፤ ትክክል ነው።

አባቴ መርፌ ያላትን የድሮ ቴስተሩን አመጣ። አዲሱ ፒክአፕ ላይ አገናኘ፣ ካቻቪቴውን ማግኔቱ ላይ አሳርፎ ድንገት አነሳው። መርፌዋ ወደ ቀኝ ዘለለች። የእህቴን ፒክአፕ እንደዚያው አደረገ። ወደ ግራ።

«ፌዛቸው ተገላብጧል» አለ። «አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አብረው ሲሆኑ ይጣፋሉ።»

የመሐለኛውን ሁለት ሽቦ ቦታ አለዋወጥኩ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ድምፁ ሞላ። ሥሩ የቀረው ያ የ50 ኸርዝ እምምታ ብቻ ነው፣ ከመብራት መስመሩ የሚለቀመው፤ እሱም ክሮቹን በእጅ ሲነኩ ይቀንሳል። አባቴ ጣቱን ክሮቹ ላይ አሳረፈ፣ አነሳ፣ አሳረፈ። እምምታው ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። የሚንቀጠቀጥ እጁ ክሮቹ ላይ እያለ ራሱ ዜማ የሌለው ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ለቃሚው ያንንም ይለቅማል።

እህቴ የገና ዋዜማ ደረሰች። ሻንጣዎቹ ሳይፈቱ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ እኔ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ፣ አባቴ ከተቀመጠበት «ጊታሩን እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አላት። «ዕቃው ደህና ነበር። የገዛሽው ደህና ነበር።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እህቴ መጀመሪያ አልገባትም። ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ናስትሮውን፣ ሁሉንም። እስቃለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ትስቃለችም ብዬ። አልሳቀችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

«ለዚያ ጊታር የሦስት ወር ደሞዜን ነው የከፈልኩት» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም። አባቴ መሬት መሬት አየ። «እሺ» አለች ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ተጫወትልኝ።»

ሰካሁት። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ሥራዬን አውቃለሁ፣ አንድም ቀዝቃዛ ብየዳ የለውም። ትዝታ ጀመርኩ። አራተኛው ምት ላይ ጣቴ ጠፋው። እንደገና ጀመርኩ። አሥር ዓመት ጣቶቼ የነኩት የኮምፒውተር ቁልፍ ብቻ ነው። ሽቦ ይቀጠላል። ያንን ግን በየትኛው ሊድ እንደሚበይዱት አባቴም አያውቅም።

እህቴ ጠበቀች። ስኳር የበዛበትን ቡናዋን ይዛ፣ እግሯን አጥፋ፣ ሰዓት እንደሌላት ሰው።

«ከመጀመሪያው» አለችኝ።